ቀናተኛዋ ሚስት

ቀናተኛ ሚስት ነበረች ይሉኛል። ይኸው ዛሬም፣ በሬዲዮ ሸክላ ያጫውት የነበረውን የባሌን ሙት ዓመት አስታኮ አንድ ጋዜጠኛ ቤቴ መጥቶ ማይክሮፎኑን የደቀነው ለልጄ ባል ነው። አማቼ ባሌን በሕይወት እንኳ አላየውም። እኔ እግሬ አላርፍ ብሎኝ ሶፋው ጠርዝ ላይ እቁነጠነጣለሁ።

«ሮክ ኤንድ ሮልን ለከተማው ወጣት ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው» ይላል አማቼ። «ማንም የማያውቀውን ሸክላ መርጠው ያጫውታሉ፤ በማግስቱ አገር ምድሩ በዚያው ሲጨፍር ይውላል። ምን ዓይነት ጆሮ ነበራቸው!»

«እማማ» አለኝ ጋዜጠኛው ፈገግ ብሎ፣ «በቅናት ስቱዲዮ ድረስ ገብተው ፊት ለፊታቸው ይቀመጡ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

«መቀመጡንስ ተቀምጫለሁ።»

«ሴት አድማጮች እንዳይወስዱብዎት?»

«በወሰዱልኝ! ከነኩርፊያው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ሁሉ ዘመን አፌን ይዤ የኖርኩት ከሥራው እንዳያባርሩት ነበር፤ አሁን ከመቃብር አያባርሩት።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት። «ባሌ ወታደር ሳለ መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ ሁለቱም ጆሮው ደንቁሯል። ለሰው የሚመልሰው ከንፈር እያየ ነበር። ፕሮግራሙ ሳይጀመር ሸክላውን ለእኔ ያጫውትና ትከሻዬን ያያል። ትከሻዬ ለጭፈራ ከተነሳ ለአገር ይለቀዋል፤ ካልተነሳ ይጥለዋል።»

ጋዜጠኛው አንዴ ትከሻዬን፣ አንዴ ከዘራዬን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

«ተነስ!» አልኩት። «ሸክላው ከነማጫወቻው እዚያ ሳጥን ውስጥ አለ፤ አጫውተው። ከዚያ ጆሮህን በሁለት እጅህ ድፈንና እኔን እያየህ ጨፍር!»