የእንግዳ እጅ

የቤተ ሙከራው አይጥ ጠባቂ ጣቶች አብጠው አብጠው ሙዝ አክለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሮጥ ነበር፤ እሱ ግን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም በኩራት ያወራል።

«የእንግዳ እጅ ስጨብጥ ነው። ትናንት ግማሹ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት አመሸ። ሁለት በግ አልበቃንም። ወንበር ጠፍቶ የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ቆሞ ነው የበላው።»

ዶክተር ርብቃ ሳቀች። መገጣጠሚያቸው ተቆጥቶ እንዲያብጥ ዘረ መላቸው የተለወጠ አይጦችን እየመረመረች ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ያንን ያምጡልኝ። ከሁሉም የባሰበት እሱ ነው።»

አይጡን ቀስ ብሎ አነሳው። እግሮቹ አብጠው ድቡልቡል ብለዋል።

«ስንፍና ነው» አለ ሰውየው። «እኔ አንበሳ አሳድጌ አውቃለሁ፤ ሰነፍ እንስሳ ወዲያው ነው የሚያብጠው።»

«አይደለም። የሁሉም ዘረ መልም ምግብም አንድ ነው። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲኖሩ፣ እሱን ብቻውን ነው ያስቀመጥነው። ብቸኝነቱ ሳያባብስበት አልቀረም።»

ሰውየው አይጡን ወደ ሳጥኑ መልሶ ክዳኑን ለመግጠም ሲታገል፣ ዶክተሯ ጣቶቹን አየች። አይጡን አየች። እንደገና ጣቶቹን አየች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እኔም ብመጣ ወንበር አገኛለሁ?»

ሰውየው እጆቹን የጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው» አለ።