ሳይደርሱ የቀሩ ሰባት ደብዳቤዎች

የመሥሪያ ቤታችንን ኢሜይል ከአይፈለጌ መልእክት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ያለጥፋቱ የታገደ ሰው አቤት ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ «ምክንያትዎን ጽፈው ይጠብቁ።»

ባለፈው ወር ማስታወቂያ የሚያጎርፉብንን አድራሻዎች ሳላጣራ በጅምላ አገድኩ። ታናሽ እህቴ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት አድራሻም አብሮ መታገዱን ያወቅኩት ከቀበርናት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ተኳርፈን ስልኳን አላነሳም ነበር። ከታገዱት መካከል ሰባት ደብዳቤዎቿን አገኘሁ። የመጨረሻው፣ «ወንድም ጋሼ፣ በጣም አሞኛል። ምነው ጨከንክብኝ?» ይላል።

እገዳውን አነሳሁና፣ ሙት እንደማያነብ እያወቅኩ፣ «ይቅር በይኝ፣ እህትዬ» ብዬ ላክሁላት።

መልሱ ወዲያው መጣ። አድራሻዬ በተቀባይዋ ታግዷል ይላል። የታገድኩበት ቀን የቀብሯ ማግስት ነው። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦

«ምክንያትህን ጽፈህ ጠብቅ፣ ወንድም ጋሼ።»