የቨርና ሳህን

ከዌንደል ቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው የልጅነታቸውን ከተማ ያነሳሉ። አንዱ፣ “ያኔ በር የሚቆልፍ ማን ነበር?” ይላል። ሌላው፣ ብስክሌቱን ደጅ ሳሩ ላይ ጥሎት እንደሚያድር፣ የሚነካበትም እንዳልነበረ ያወራል።

ኩሽና ውስጥ የሟቹ ሚስት አርቪላ ሳህን ታጥባለች፤ እህቱ ዶሪን ትወለውላለች። ሳህኖቹ ጎረቤቶች የለቅሶ ምግብ ያመጡባቸው ናቸው፤ እንዲመለሱ የየባለቤቱ ስም ከሥራቸው ተለጥፏል።

“በአይብ የተጋገረው መኮሮኒ የእማዬን አይመስልም?” አለች ዶሪን። “ስቀምሰው ልጅነቴ መጣብኝ።”

“ደግሞ እሷን አነሳሽብኝ! ያቺ ክፉ አሮጊት፣ በልተን ሳንጨርስ ‘ሳህኔን መልሱ’ ብላ በጓሮ በር ዘው ትል ነበር። እንኳንም ሞተች!”

“አፍሽን ያዢ! ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ፤ አሁንም አትተያትም?”

ዶሪን እጇን አደራርቃ፣ ገና ያልታጠበውን የመኮሮኒ ሳህን ገለበጠችው። “ቨርና” ይላል፣ በእናቷ የእጅ ጽሑፍ። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና አውራ ጣቷን አጠቆረው።

“አርቪላ፣ ይኼን ማን አመጣው?”

“አንቺ ያመጣሽው መስሎኝ።”

አርቪላ ሳህኑን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጣ የጓሮውን በር ዘጋችና ቆለፈችው።

ሳሎን የነበረው ወሬ ባንዴ ጸጥ አለ። ከዚያው ከሳሎኑ በኩል፣ ከኋላቸው፣ አንዲት ሴት በቁጣ ተናገረች፦

“ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ ቤት በር የሚቆለፈው?”