ሦስተኛው ቱቦ

ትራክተሩ ከሚጎትተው የዘር መዝሪያ ቱቦዎች ሦስተኛው በጭቃ መደፈኑን ነጂው ያየው የእትዬ ደብሪቱን ማሳ ካጋመሰ በኋላ ነው። ወርዶ መጥረግ ነበረበት። ግን አሮጌው ትራክተር አንዴ ከጠፋ የሚነሳው በመከራ ነው፤ ዝናቡም ደርሷል። እንዳላየ ሆኖ ዘርቶ ጨረሰ።

ስንዴው ሲበቅል በየምልልሱ አንድ መስመር ባዶውን ቀርቶ ቁልጭ ብሎ ታየ። ትራክተሩንና መዝሪያውን ለእሱ የሰጡት እኚሁ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ጋሽ እምሩ ሲሞቱ፣ “ከአንተ ሌላ ማን ይይዝልኛል?” ብለው።

በደጃቸው ለማለፍ አፍሮ ሳምንት ሙሉ በጓሮ በኩል ሲዞር ከረመ። በመጨረሻ ሊናዘዝ ቆርጦ ሄደ። ባዶዋን መስመር ይዘው ሲያርሙ አገኛቸው።

“እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...”

“ምኑን ነው ይቅር የምልህ? ተባረክ እንጂ!” አሉት ቀና ብለው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “እምሩም ‘ስታርሚ መራመጃ ይሁንሽ’ እያለ ሁልጊዜ ሦስተኛዋን መስመር ይተውልኝ ነበር። እሱ ነው አይደል ያስተማረህ?”

ጎንበስ ብሎ ባዶዋን መስመር አየ።

“አዎ” አላቸው፤ “እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።”