የይመር ጭነት

በብስክሌት ውድድር በየዓመቱ የሚሸነፈው ይመር፣ ዘንድሮ ጉልበት ላጠራቅም ብሎ ጎረቤቱን እትዬ ዘሀራን በየማለዳው ከኋላው አፈናጥጦ ዳገቱን እያወጣ ደሴ ገበያ ያደርሳቸው ጀመር። እትዬ ዘሀራ ከሚሸጡት ሽንኩርት እሳቸው ይከብዳሉ።

«ክብደት የሚያስለምድህ ቀስ ማለትን ነው» አለው አሰልጣኙ።

«ቆይ፣ ሲራገፍልኝ ያዩኛል!»

የውድድሩ ዕለት ይመር እውነትም በረረ። ሁሉንም ጥሎ፣ ብቻውን እየመራ ወደ ገበያው የሚያወጣው ዳገት ሥር ደረሰ። መጨረሻው መስመር ይታየዋል። ሰዉ ያጨበጭባል። በዚህ መሀል መንገድ ዳር ቆመው የነበሩት እትዬ ዘሀራ እጃቸውን ዘረጉ።

ይመር ሳያስበው ፍሬን ያዘ።

አሳዳጆቹ ተራ በተራ ሽው እያሉ ሲያልፉት፣ እትዬ ዘሀራ እያለከለኩ ከኋላው ወጡና ትከሻውን ጨበጡ።

«ዛሬስ አረፈድክብኝ፣ ልጄ!»