ተስቦ የሚጮህ ጡሩምባ

«ሳቢ እንጂ አትንፊ!» ይለኛል አባባ። ጉሮሮው ላይ የደገፈው የድምፅ መሣሪያ እንደ ጢንዚዛ ይነዝራል። ጫካው እንዳይሰማን ዝቅ አድርጎታል። «ይሄ ተርኪ ነው? የታነቀች ድመት እኮ ነው!»

«እንግዲህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» እላለሁ በሹክሹክታ።

ጀርባችንን ለአንድ አሮጌ ዛፍ ሰጥተን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠናል። የአላባማ የሚያዝያ ጭጋግ ገና አልተገፈፈም። በእጄ ያለችው ጡሩምባ ከስንዝር አትበልጥም፤ አባባ ራሱ ነው ጠርቦ የሠራት። ሌላ ጡሩምባ ሲነፉት ይጮኻል፤ ይቺ ግን በከንፈር ጫፍ አየር ሲስቡባት ነው የሴት ተርኪ፣ የዚያ ዶሮ መሳይ ትልቅ የዱር ወፍ፣ ድምፅ የምታወጣው። አውራው ሴት አገኘሁ ብሎ ይመጣል።

ካንሰሩ ጉሮሮውን ካስቆረጠው ሁለት ዓመቱ ነው። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ስለሆነ በአፉ አየር መሳብ አይችልም። በዚህ አገር እሱን የሚያህል ተርኪ ጠሪ አልነበረም። አሁን ትንፋሹ እኔ ነኝ፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ። ከሱ ሥር ሥር ብሎ አደን የተማረው ወንድሜ ኦዴል ነበር።

ከኦዴል ጋር ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆነን። እማማ ማንነቷን ረስታ አውራ ጎዳና ላይ መገኘት ስታበዛ መጦሪያ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በቀብሯ ቀን ኦዴል ሰው በተሰበሰበበት «አንቺ ነሽ የገደልሻት» አለኝ። እሱ ሳይጀምር አንዲት ቃል ላልናገረው ማልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለታችንም አልለቀቅንም።

አባባ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ያሳየኛል። «ከረሜላ እንደሚመጥ ልጅ። ትንሽ ሳብ፣ ቆረጥ። ትንሽ ሳብ፣ ቆረጥ።»

እስባለሁ። ትጮኻለች! ሦስት ጊዜ፣ መጀመሪያዋ ጥርት ብሎ መጨረሻዋ ሻከር ብሎ፣ ልክ እንደ እውነተኛዋ። ወዲያው ከቁጥቋጦው ማዶ አውራው ጉሉሉሉሉ ብሎ ይመልሳል።

የአባባ ዓይኖች ይበራሉ። መሣሪያውን አጥፍቶ ኪሱ ይከተውና ዚፑን ይዘጋል። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያደላድላል። በጣቱ፦ ድገሚ። እደግማለሁ። አውራው ቀረብ ብሎ ይመልሳል።

በግራ በኩል ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ተርኪ ቅጠል ላይ ሲሄድ ልክ እንደ ሰው ነው፤ ይሄኛው ግን ቀኝ እግሩን ይጎትታል። በልጅነቱ ከትራክተር ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው አውቃለሁ። ኦዴል ነው።

ጎንበስ ብሎ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንደደገፈ፣ የጡሩምባዬን ድምፅ ተከትሎ ይመጣል። አባባ ለሁለታችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የነገረን ነው፦ ድምፅ ተከትላችሁ አትሂዱ። ሰው ሲመጣባችሁም እጅ አታውለብልቡ፣ አታፏጩ፤ የሰው ድምፅ አውጥታችሁ ጩኹ። የቸኮለ አዳኝ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ተርኪ ይመስለዋል።

አባባም አይቶታል። እጁ ወደ ኪሱ፣ ወደ መሣሪያው ይሄዳል፤ ዚፑ ይይዝበታል። ያኔ ነው እኔም የማየው። ሊያናግረኝ ብሎ ከአንገቱ ያወረደው አረንጓዴ ሻርፕ ጭኑ ላይ ቀርቷል። ቀዳዳዋን የሸፈነባት ነጭ ጨርቅ ጭጋጉ ውስጥ ቦግ ብላለች። በዚህ ወቅት የአውራ ተርኪ ራስ ነጭ ነው።

አፈሙዙ ይቆማል። ጨርቋ ላይ።

ጩኺ እላለሁ ለራሴ። አፌ ተከፍቷል፤ ግን ጠዋቱን ሙሉ ስለማመደው እንደቆየሁት አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም። አራት ዓመት ሙሉ ስሙን አልጠራሁም። እልህ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፤ ብቻ አንደበቴ ተሳስሯል። አባባ እንዳይነቃነቅ ደርቆ በዓይኑ ብቻ ይለምነኛል። የጠመንጃው መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ሲከፈት እሰማለሁ።

«ኦዴል! ኦዴል፣ አባባ ነው! አትተኩስ!»

ጫካው ይናወጣል። ተርኪ ሲደነግጥ ለነጎድጓድም ለመኪና በርም ይመልሳል፤ ለእኔም ጩኸት አውራው ይመልሳል።

አፈሙዙ ወደ መሬት ይወርዳል። ኦዴል ጠመንጃውን ጥሎ፣ እግሩን እየጎተተ መጥቶ እፊታችን በጉልበቱ ይወድቃል።

«ነጭ ነገር አየሁ» ይላል። «አባባ፣ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁና...»

አባባ ባርኔጣውን አውልቆ የኦዴልን ጭንቅላት ይመታበታል። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው እጁ የልጁ ጸጉር ላይ ይቀራል።

«ማን ነበር የሚጠራው?» ይላል ኦዴል። አባባ በጣቱ ወደ እኔ ያመለክታል።

«ውሸት! ቨርሊን?» አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። «እኔ እኮ ሴቷ ተርኪ ናት ብዬ እምል ነበር።»

«ልትገድለው ነበር» እላለሁ። አራት ዓመት ያጠራቀምኩት ስንት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«አዎ፣ ልገድለው ነበር።» ቀና ብሎ ያየኛል። «ቨርሊን፣ ያን ቀን አንቺን... ገዳይ ብዬ...»

እንዲጨርስ አልጠብቅም። እጁን እይዛለሁ። አባባ ሁለቱን እጆቻችንን በአንድ እጁ ጨምቆ ይይዛቸዋል።

አውራው እንደገና ይጮኻል። በጣም ቀርቧል፣ እርምጃው ሳይቀር ይሰማል። ማናችንም ዞረን አናየውም።