አምስት ደቂቃ ፀሐይ

ሱዓድ ከበረንዳው ጥላ ሳትወጣ፣ ክንዶቿን ብቻ ዘርግታ ሕፃን ልጇን የጠዋት ፀሐይ ታሞቀው ነበር። የጤና ባለሙያዋ ለአጥንቱ ያስፈልገዋል ብላታለች። የሷ ቆዳ ግን ከውልደቷ ነጭ ስለሆነ የከሚሴን ፀሐይ አይችልም፤ ክንዶቿ ከወዲሁ ቀልተዋል። "እኔ ፀሐይ ላይ አላወጣውም" ብላ እምቢ ያለችው እናቷ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

"ያ ረቢ፣ አልበቃውም?"

"አምስት ደቂቃ ቀረው፣ እማ።"

እናቷን አላስቻላትም። ሱዓድን ትምህርት ቤት ስታመላልስ ትይዝላት የነበረውን ጥቁር ጃንጥላ አምጥታ ከሕፃኑ በላይ ዘረጋችው።

"እሱ እንደኔ አይደለም" አለች ሱዓድ። "እይው እስቲ።"

እናቷ የሕፃኑን ጠይም ሆድ አየች፤ ከዚያ የሱዓድን የቀሉ ክንዶች። ሕፃኑን ተቀበለቻት፤ ጃንጥላውን አስያዘቻትና ፀሐዩ ውስጥ ገባች።

"ስንት ቀረው?" አለች፣ ገና ከመግባቷ።